በባሕር ዳርቻ ሆኖ ብርዱ ለምን ይለያያል? ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የፈረንሳይዋ ኒስና የሩሲያዋ ቭላዲቮስቶክ ሁለቱም በባሕር ዳርቻ ያሉ፣ ሁለቱም በ43 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የኒስ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ 9 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የቭላዲቮስቶክ ከዜሮ በታች 12 ነው። ታዲያ ለባሕር የቀረበ ቦታ ብርዱ ለዘብ ይላል የሚባለው ስሕተት ነው? ደግሞስ 10 ዲግሪ የሆነ ቀዝቃዛ ውሃ እንዴት አድርጎ ያሞቃል? ሙቀቱስ ስንት ኪሎ ሜትር ወደ የብስ ይዘልቃል?»

የሰሙት ስሕተት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ባሕር የአንድን ቦታ ብርድ የሚያለዝበው አጠገቡ ስላለ ብቻ አይደለም። ወደዚያ ቦታ የሚነፍሰው አየር በባሕሩ ላይ አልፎ የመጣ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ካርታ ዘርግቶ እስከ ባሕሩ ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ብቻውን ብዙ አይነግርም። መታወቅ ያለበት አየሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ጊዜ በውሃ ላይ፣ ምን ያህል ጊዜ በየብስ ላይ እንደቆየ ነው። ከታች «የብርድ ወቅት» የምለው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ጊዜ ነው። የሙቀት ቁጥሮቹ ሁሉ በሴልሲየስ ናቸው።

ከውሃው ልጀምር። 10 ዲግሪ የሆነ ባሕር ለሚዋኝ ሰው አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ከዜሮ በታች 5 ለሆነ አየር ግን ምድጃ ነው። ሙቀት የሚሄደው ከሚሞቀው ወደሚቀዘቅዘው ስለሆነ ባሕሩ በላዩ ከሚያልፈው አየር በሙቀት መብለጡ ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ይህን ሙቀት ሳያልቅበት እስከ መቼ ሊሰጥ ይችላል የሚለው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ይለቃል። ይህ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ያለ ወደ 3,500 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። የውቅያኖሶች የላይኛው ሦስት ሜትር ያህል ውሃ ብቻውን መላው የምድር ከባቢ አየር የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል።

አፈርስ? ደረቅ አፈር በሜትር ኩብ ከውሃ ሲሶውን ያህል ሙቀት ስለሚይዝ፣ በዚህ ብቻ ቢለካ ልዩነቱ ያን ያህል ባልሰፋ ነበር። ነገሩን የሚያሰፋው ጥልቀት ነው። ብዙ ማብራሪያዎች ውሃ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከፍተኛ ነው ብለው እዚያው ያቆማሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አፈር ሙቀት የሚያስተላልፈው ከቅንጣት ወደ ቅንጣት፣ በዝግታ ነው። በሞቃቱ ወቅት የገባው ሙቀት ጎልቶ የሚታየው በላይኛዎቹ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ሲሆን፣ 10 ሜትር ያህል ወደ ታች ቢቆፈር ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥም። ባሕር ግን ይናወጣል። ነፋስና ማዕበል የላይኛውን ውሃ ከታችኛው ጋር ያማስሉታል። ከዚያም ላይ ላዩ ሲቀዘቅዝ ስለሚከብድ ይሰምጥና ከሥሩ ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ቦታውን ይወስዳል። በዚህ መንገድ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮች ውፍረት ያለው፣ በብርድ ወቅት ደግሞ በብዙ ቦታ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርስ የውሃ ንብርብር በሙሉ ሙቀቱን ለአየሩ ያቀርባል። የብስ ላይ የቀዘቀዘ አፈር የሚሰምጥበት ስለሌለው እዚያው ላይኛው ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው ሙቀትም ታፍኖ ይቀራል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። 50 ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ንብርብር ከመከር እስከ ብርዱ ማብቂያ፣ በአምስት ወር ውስጥ በ6 ዲግሪ ቀዘቀዘ እንበል። ስሌቱን ስሠራው ከእያንዳንዱ ሜትር ካሬ የባሕር ገጽ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ወደ 95 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ወጣ ማለት ይሆናል። በ52 ዲግሪ ኬክሮስ በዲሴምበር መሬት ላይ የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል የሌቱ ሰዓት ተጨምሮ በአማካይ ሲሰላ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። እንግዲህ በእነዚያ ሳምንታት በባሕር ላይ ላለ አየር ከሰማዩ ይልቅ የሚያሞቀው ከሥሩ ያለው ውሃ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቭላዲቮስቶክ እንሂድ። በብርድ ወቅት በሳይቤሪያና በሞንጎሊያ ላይ እጅግ የቀዘቀዘ፣ ከባድ አየር ተኝቶ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ1968 በዲሴምበር መጨረሻ በሳይቤሪያዋ አጋታ ጣቢያ የተለካው ግፊት፣ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ 1,083.8 ሄክቶፓስካል ደርሶ ነበር። ከዚህ ክምር አየሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ፓስፊክ ይፈሳል። ቭላዲቮስቶክ ባሕሩ ደጃፏ ላይ ቢሆንም በእነዚህ ወራት የሚነፍስባት ነፋስ ከጀርባዋ፣ ከአህጉሩ መሐል የሚመጣ ነው። ባሕሩ ያሞቀው አየር ከእርሷ ርቆ ይሄዳል እንጂ ወደ እርሷ አይመለስም። በሞቃቱ ወቅት ነፋሱ ይገለበጥና ከባሕሩ ጭጋግና ቅዝቃዜ ያመጣላታል። ማለትም ከባሕሩ የምታገኘው ማቀዝቀዙን ነው፤ ማሞቁ ያልፋታል። እውነቱን ለመናገር ለከተማ ከዚህ የከፋ ድርድር አላውቅም።

የሞቀው አየር የት ይደርሳል ለሚለው መልሱ በዚያው ኬክሮስ ይገኛል። የጃፓኗ ሳፖሮ ከቭላዲቮስቶክ በስተምሥራቅ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከጃፓን ባሕር ማዶ ናት። ያው የሳይቤሪያ አየር ባሕሩን ተሻግሮ ሲደርስባት የጃንዋሪ አማካይዋ ከዜሮ በታች 3 ገደማ ነው። ኬክሮሱ ያው፣ የአየሩ ምንጭ ያው፣ ልዩነቱ ግን 9 ዲግሪ። ለእኔ ከመጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ ይህ ጥንድ ነገሩን ያስረዳል። አየሩ ባሕሩን ሲያቋርጥ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ብዙ ተንም ይጭናል፤ ያ ተን በጃፓን ምዕራባዊ ተራሮች ላይ በዓለም ከታወቁት ከባድ የበረዶ ውርጅብኞች አንዱን ያራግፋል። ለዘብ ያለ ብርድ ማለት በረዶ የማይጥል ብርድ ማለት አይደለም።

በኒስ በኩል ሁለት ነገር ተደርቦላታል። በብርድ ወቅትም 13 ዲግሪ አካባቢ የሚቆይ ባሕር ከፊቷ አለ፤ ከኋላዋ ደግሞ የአልፕስ ተራሮች ቆመው የሰሜኑን ቀዝቃዛ አየር ይከለክሉላታል። ስለዚህ 21 ዲግሪውን ልዩነት በሙሉ ለባሕር መስጠት አይገባም፤ የተራራው ድርሻ ቀላል አይደለም።

በመካከለኛ ኬክሮሶች ዋናው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ከዚህ ተነስተው የአህጉራት ምዕራባዊ ዳርቻ በብርድ ወቅት ለዘብተኛ፣ ምሥራቃዊው ዳርቻ ደግሞ ባሕር ዳር ሆኖም ብርዳም እንደሚሆን መገመት ይችላሉ፤ እንዲያውም ነው። ናፖሊ በጃንዋሪ አማካይ 9 ገደማ ስትሆን በዚያው ኬክሮስ ያለችው ኒውዮርክ ከዜሮ እምብዛም አትርቅም። የካናዳዋ ቫንኩቨር 4 ገደማ ላይ ስትቆይ በዚያው አገር መሐል ያለችው ዊኒፔግ ከዜሮ በታች 16 ትደርሳለች። ደቡቡ ንፍቀ ክበብ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ባሕር ነክቶ ይመጣል። በ53 ዲግሪ ደቡብ ያለችው የቺሊዋ ፑንታ አሬናስ በጁላይ፣ ማለትም በብርዷ እምብርት፣ አማካይዋ ከዜሮ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ አትላንቲክን የሚያቋርጠውን ሞቃት ጅረት (ገልፍ ስትሪም) የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። የምዕራብ አውሮፓን ለዘብተኛ ብርድ በዚህ ጅረት ብቻ ማስረዳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን በማቲው ሞሪ ጽሑፎች የገነነ አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአየር ንብረት ተመራማሪው ሪቻርድ ሲገርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ግን በአትላንቲክ ሁለት ዳርቻዎች መካከል ላለው የብርድ ልዩነት ትልቁን ድርሻ የሰጡት ባሕሩ በሞቃቱ ወቅት እዚያው ያጠራቀመውን ሙቀት ገፍፎ ለሚወስደው የምዕራብ ነፋስ፣ እንዲሁም የሰሜን አሜሪካ የሮኪ ተራሮች በነፋሱ አቅጣጫ ላይ ለሚፈጥሩት መታጠፍ ነው። ክርክሩ አልተዘጋም። በእኔ ግምት ጅረቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለሰሜን ኖርዌይ ዳርቻ ነው፤ እዚያ ባሕሩን ከመርጋት፣ ማለትም በቅዝቃዜ በረዶ ከመሆን፣ ይጠብቀዋል፤ አለመርጋቱ ደግሞ ከታች እንደማነሳው ትልቅ ነገር ነው። ለአየርላንድ ግን ጅረቱ ባይኖርም ኖሮ ብርዷ ከካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የላላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስንት ኪሎ ሜትር ይዘልቃል ለሚለው አንድ ቁጥር የሚሰጥዎ ሰው ካለ አይመኑት። በ52 ዲግሪ ሰሜን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንጓዝ። በአየርላንድ ጫፍ ያለችው ቫለንሺያ ደሴት በጃንዋሪ አማካይ 7 ገደማ፣ በርሊን ከዜሮ እምብዛም ያልራቀች፣ ዋርሶ ከዜሮ በታች አንድ ሁለት ዲግሪ፣ ሩቅ ምሥራቅ ያለችው ኢርኩትስክ ከዜሮ በታች 18 ገደማ። ከቫለንሺያ እስከ ዋርሶ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙቀቱ በዚህ ሁሉ መንገድ የቀነሰው 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ምክንያቱም ሜዳው ሰፊ ነው፤ የምዕራቡን ነፋስ የሚያግድ ተራራ የለም።

አሁን ወደ ሰሜን ኖርዌይ። ትሮምሶና ካራሾክ ሁለቱም ከ69 ዲግሪ ተኩል ኬክሮስ አይርቁም፤ በመካከላቸው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ትሮምሶ በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 4 ገደማ ላይ ትቆማለች፤ ካራሾክ ከዜሮ በታች 15 አካባቢ ትወርዳለች። የኖርዌይ ዝቅተኛው ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 51.4፣ የተለካው እ.ኤ.አ. በ1886 በዚያችው በካራሾክ ነው። የሚገርመው ካራሾክ ከቅርቡ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ ከገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) 80 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ተራሮች የባሕሩን ነፋስ ሰብረውባታል፤ የተቀመጠችበት ሸለቆ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር የሚወርድበትና የሚተኛበት ነው። በአንዱ ስፍራ 2,000 ኪሎ ሜትር ያልጨረሰውን ሥራ በሌላው ጥቂት ተራሮችና አንድ ሸለቆ ይጨርሱታል።

ከዚያም ያነሰ ርቀት ላይ፣ ማለትም ከዳርቻው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 20 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ፣ ነገሩን የሚወስነው የሌሊቱ ዓይነት ነው። ነፋስ ያለበት ደመናማ ሌሊት ሲሆን በባሕሩ ዳርና በውስጡ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ የባሕሩ አየር ሁሉንም ያዳርሳል፤ ደመናውም ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ይመልሳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ያለ እንደሆነ ግን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ከሥሩ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይነሳም፤ ወደ ጎድጓዳው ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ ሌሊት ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ገባ ያለ ሸለቆ ውርጭ ሲይዘው ዳርቻው ላይ ወጣ ብሎ የቆመ የድንጋይ ጉብታ ከዜሮ በላይ በደህና ያድራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። በእነዚህ ጸጥ ያሉ ሌሊቶች ነፋሱ የሚነፍሰው ከባሕር ወደ የብስ ሳይሆን ከየብስ ወደ ባሕር ነው። የቀዘቀዘው የየብስ አየር ወደ ሞቅ ወዳለው ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ሰፊ ሸለቆ አፉን ወደ ባሕር የከፈተበት ቦታ ላይ የተሠራ ቤት፣ ማዕበሉ የሚሰማው ቅርብ ቢሆንም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሸለቆውን ብርድ ሊጠጣ ይችላል። ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣ ምድርና ደሴት ከዚህ የሚድኑት አየሩ በየብስ ላይ የሚሄድበት መንገድ አጭር ስለሆነ ነው።

ደግሞም የባሕሩ ውለታ በቀንና በሌሊት እኩል አይደለም። በብርድ ወቅት ዳርቻውንና ውስጡን የሚለያያቸው በተለይ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ወደ ኤፕሪልና ሜይ ሲደርስ ባሕሩ ገና ስለማይሞቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዳርቻው ከውስጡ ይበርዳል። የብስ ላይ ከባዱ ብርድ የሚመጣው ፀሐይ ዝቅተኛ ቦታዋን ከያዘች ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሲሆን የባሕሩ ገጽ ግን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻና እስከ ማርች ድረስ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። በደሴቶችና በክፍት ዳርቻዎች ፌብሩዋሪ ከጃንዋሪ እኩል ወይም የባሰ የሚበርደው ለዚህ ነው።

ባሕሩ የረጋ ዕለት ይህ ሁሉ ይሰረዛል ማለት ይቻላል። በረዶና በላዩ የሚከመር አመዳይ ሙቀት አያሳልፉም፤ ከሥር ያለው ውሃ ወደ ዜሮ የቀረበ ቢሆንም በላይ ያለው አየር አያገኘውም። በካናዳ በሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለችው ቸርችል በጃንዋሪ አማካይ ከዜሮ በታች 26 ገደማ ናት። እንደ እርሷ በ59 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ያለችው የኖርዌይዋ ስታቫንገር ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ገደማ ላይ ትውላለች፤ ባሕሯ አይረጋም። ጨዋማ ባሕር ለመርጋት ከዜሮ በታች 1.8 መድረስ አለበት። ከዚህም በላይ እስኪረጋ ድረስ በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ስለሚሄድ፣ ላይ ላዩ ብቻ ቀዝቅዞ ሊረጋ አይችልም፤ የሚማሰለው ንብርብር በሙሉ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ጨው የሌለው ውሃ እጅግ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ይቀልና ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ሐይቅ ከሥሩ 4 ዲግሪ ውሃ እያለው ላይ ላዩ ይረጋል።

ሐይቆች ከባሕር በብዙ ያነሰ ነገር ግን የማይናቅ ሥራ ይሠራሉ። ከሚቺጋን ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ዳርቻ በፍራፍሬ እርሻው የታወቀው ነፋሱ በአብዛኛው ሐይቁን ተሻግሮ ስለሚደርሰው ነው፤ በምዕራቡ ዳርቻ ያሉት ይህን ያህል አይደርሳቸውም። እዚህም ያው የነፋስ ነገር። ከኢሪ ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኘው ባፋሎ ደግሞ ከሐይቁ ተን በሚፈጠር በረዶ ትሸፈናለች። ኢሪ አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ብቻ ስለሆነ በብርዱ መሐል ቶሎ ይረጋል፤ ሲረጋ ያ በረዶ ይቀንሳል።

የአንድን ቦታ ነገር በራስዎ ለመመዘን ከፈለጉ የአየር ንብረት ተመራማሪው ቪክቶር ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ቀላል ቀመር አለ። የሞቃቱን ወር አማካይ ከብርዱ ወር አማካይ ጋር ያለውን ልዩነት በ1.7 ያባዙ፤ ኬክሮሱ ላይ 10 ዲግሪ ጨምረው ለዚያ በሚገኘው ሳይን ያካፍሉ፤ ከውጤቱ 14 ይቀንሱ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቦታው የባሕሩን ሳይሆን የአህጉር መሐል ጠባይ ይይዛል። በፋሮ ደሴቶች ያለችው ቶርስሃውን ዜሮ አካባቢ ትሆናለች፣ የሳይቤሪያዋ ቬርሆያንስክ ደግሞ ከ90 ያላነሰ ታመጣለች። ኒስ 18 ገደማ፣ ቭላዲቮስቶክ 54 ገደማ ይወጣላቸዋል። ባሕር ዳር የተሠራችው ከተማ በቁጥሩ ከቶርስሃውን ይልቅ ለቬርሆያንስክ ትቀርባለች። ቀመሩ የዓመቱን ልዩነት እንጂ ብርዱን ለብቻው ስለማይለካ ግን ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ የአካባቢውን የዲሴምበር፣ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ የነፋስ አቅጣጫ መዝገብና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ያስቀምጡ። ከፍታቸው የተለያየ ቦታዎችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል አስቀድመው ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ የተራራውን ብርድ ከባሕር መራቅ ጋር ያምታቱታል።

በመጨረሻም ወር በወር አማካይ ሁሉን አይነግርም። ነፋሱ ከተለመደው አቅጣጫው ዞሮ ለጥቂት ቀናት ከአህጉሩ መሐል ከነፈሰ ዳርቻውም ከብርዱ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 በፌብሩዋሪ መጨረሻ የምሥራቅ ነፋስ ብሪታንያን ሲመታ ባሕሩ እንደነበረው ነበር፤ አየሩ ግን የመጣው በአውሮፓ የብስ ላይ አልፎ ሲሆን በመንገዱ ያገኘው የሰሜን ባሕር ጠባብ ስለሆነ ሊያሞቀው ጊዜ አላገኘም፤ በረዶውን ለመጫን ግን በቃው።